አንገቱን ካቀና ቀርባችኋል፦ ባሕር ዳርቻ ላይ ከተኛ እንስሳ እንዴት እንራቅ?

አሸዋው ላይ እየተራመዳችሁ ነው። ፊት ለፊት አንድ ግራጫ ድንጋይ ተጋድሟል። ጠጋ ትላላችሁ። ድንጋዩ አይኑን ይገልጣል።

ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን በስም እንስማማ። በእንግሊዝኛ «ሲል» የሚባለውን፣ መቅዘፊያ ያለውን የባሕር አጥቢ እንስሳ እዚህ አቆስጣ እለዋለሁ። «ሲል» ብዬ ብጽፍ በየመስመሩ «ማን ምን ሲል?» ትሉኛላችሁ። የስልክ መተርጎሚያ ብትጠይቁ ደግሞ «ማኅተም» ሊላችሁ ይችላል። የቢሮ ማኅተም ፀሐይ ሊሞቅ እስኪወጣ ድረስ አቆስጣ ይሻለናል።

1. ባላችሁበት ቁሙ

ወደ ፊት አትሂዱ። አትሩጡ። «ኑ እዩ!» ብላችሁም አትጩኹ። ቆማችሁ ዙሪያችሁን ቃኙ። አንድ ካያችሁ ሌላም ሊኖር ይችላል፤ የደረቀ አቆስጣ ከድንጋይና ማዕበል ካመጣው ግንድ አይለይም። አይናችሁ ፊት ለፊት ባለው ላይ ተተክሎ ከኋላችሁ የተኛውን ልትረግጡት ትችላላችሁ።

ቀጥሎ ውኃው በየት በኩል እንደሆነ እዩ። በእንስሳውና በባሕሩ መካከል ከሆናችሁ ከዚያ ውጡ፤ ቀስ ብላችሁ፣ በጎን በኩል። ለእሱ ባሕሩ የቤቱ በር ነው። ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደዚያ ነው፤ በሩ ላይ ማንም ይቁም ማን ደርምሶት ያልፋል።

2. የተኛው ማን ነው?

ይህን መለየት ከባድ አይደለም። አቆስጣ የወጣ ጆሮ የለውም፤ ቀዳዳ ብቻ ነው። መሬት ላይ እንደ አባጨጓሬ በሆዱ ይሳባል። የባሕር አንበሳ ግን ትንንሽ፣ ጠቅለል ያሉ ጆሮዎች አሉት። የኋላ መቅዘፊያዎቹን ወደ ፊት አዙሮ በአራቱም ይራመዳል። ይራመዳል ስል ይሮጣልም ማለቴ ነው። በወፍራሙ ገላው እንዳትሸወዱ፤ ለአጭር ርቀት የሚያስደነግጥ ፍጥነት አለው።

ሁለቱም ወደ የብስ የሚወጡት በምክንያት ነው። ሊተኙ፣ ሊወልዱ፣ ሊያጠቡ፣ ፀጉራቸውን ሊቀይሩ። ስለዚህ አሸዋ ላይ የተጋደመ አቆስጣ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ ወይም የታመመ እንስሳ አይደለም፤ እንቅልፉን እየተኛ ነው። ኩምቢ የመሰለ አፍንጫ ያለው የዝሆን አቆስጣ ፀጉሩን የሚቀይረው ከላይኛው ቆዳው ጋር ገፎ ነው። ለሳምንታት ከባሕር ወጥቶ ይቆያል። በዚያ ሰሞን ላየው ሰው እሳት የለበለበው ወይም እከክ የጨረሰው ይመስላል። ጤነኛ ነው፤ ልብስ እየቀየረ ነው።

ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እነሱ መሬት ላይ አያርፉም። አርጀንቲና ውስጥ ቫልዴስ በሚባለው ባሕረ ገብ መሬት የባሕር አንበሳ ግልገል ለመንጠቅ ሆን ብለው በማዕበል ተንሸራተው ወጥተው የሚመለሱ ኦርካ የተባሉ ትልልቅ ዶልፊኖች አሉ፤ ያ ግን ብርቅ ነው። ከእንዲህ ያለ አደን ውጭ ወጥቶ ከተገኘ ችግር አለ ማለት ነው። ያያችሁት ዶልፊን ወይም ዓሣ ነባሪ ከሆነ ወደ ቁጥር 8 ዝለሉ።

3. ስንት ሜትር?

ቁጥሩ እንደ አገሩና እንደ እንስሳው ነው። በአሜሪካ ጉዳዩን የሚከታተለው ኖዋ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከአቆስጣና ከባሕር አንበሳ ቢያንስ 45 ሜትር ራቁ ይላል። ሃዋይ ላይ ለሚገኘው፣ ቁጥሩ ለተመናመነው መነኩሴ አቆስጣ 15 ሜትር ይበቃል፤ ግልገል የያዘች እናት ከሆነች ግን እዚያም 45 ነው። ኒው ዚላንድ 20 ሜትር ትላለች። አንታርክቲካ ለሚሄዱ ጎብኚዎች መነሻው 5 ሜትር ነው። ሰው በማይፈሩት የጋላፓጎስ እንስሳት ዘንድ ደግሞ 2 ሜትር።

ያላችሁበት ቦታ ሰሌዳ ካለው እሱን ተከተሉ። ከሌለና ደንቡን ካላወቃችሁ 45ን ያዙ። ርቀት በዝቶበት የተቀየመ አቆስጣ የለም።

«አልነካሁትም» የሚል መከላከያም አትያዙ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ እንስሳውን ማስጨነቁን ራሱን ይከለክላል። በ1978 የወጣው የኒው ዚላንድ ሕግም እንደዚሁ። ተከታትሎ ማባረር፣ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ወደ ውኃ እንዲገባ ማድረግ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ 45 ሜትር በባዶ እጅ እንዴት ይለካል? የኳስ ሜዳ ግማሽ ገደማ ነው። በአዋቂ ሰው እርምጃ ስልሳ አካባቢ። እኔ የምወደው ግን በአውራ ጣት መለካቱን ነው። ክንዳችሁን ሙሉ ዘርጉ። አውራ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። አንድ አይን ጨፍኑ። በጎኑ የተጋደመ የሜትር ተኩል አቆስጣ ከጣታችሁ ውፍረት ጀርባ ሙሉ በሙሉ ከተደበቀ 45 ሜትር አካባቢ ናችሁ። በውፍረቱ አልሸፈን ብሎ ጣታችሁን ስታጋድሙት በርዝመቱ ብቻ የሚሸፈን ከሆነ ወደ 15 ሜትር ቀርባችኋል። በአንድ ወገን ጢሙ፣ በሌላው ጭራው ብቅ ካለ ወደ ኋላ።

ጣት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ ግምት ነው። ደግነቱ እንስሳው በተለቀ ቁጥር ጣት ለመሸፈን ይበልጥ መራቅ ያስፈልጋል። ከ3 ቶን በላይ ለሚመዝን ወንድ የዝሆን አቆስጣ ደግሞ ከ45 ሜትር ያለፈውንም አልነፍገውም።

4. አንገቱን አንብቡ

ሜትሩ መነሻ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የእንስሳው አንገት ነው።

የተኛ አቆስጣ አገጩን አሸዋው ላይ ጥሎታል፤ አይኑ ተከድኗል። አንገቱን ቀና አድርጎ እናንተን ካየ ቀርባችኋል። በቃ። 60 ሜትር ላይም ብትሆኑ ቀርባችኋል። ከዚህ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ የባሰ ነው፦ አይኑን አለመንቀል፣ ገላውን ወደ ባሕሩ ማዞር፣ የፊት መቅዘፊያውን ማወናጨፍ፣ አፍ ከፍቶ ማጉረምረም፣ በመጨረሻም ወደ ውኃ መንደርደር። ብዙ ሰው የሚያፈገፍገው ሲያጉረመርምበት ነው። ያን ጊዜ እንስሳው አራት ጊዜ ተናግሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል።

አንድ ማለዳ ራቅ ያለ ቋጥኝ ላይ ተቀምጬ በቢኖክዮላር አንዲት አቆስጣ ሳይ ቆየሁ። አንድ ሯጭ በአጠገቧ አለፈ። ቀና አለች፤ በአይኗ ተከተለችው፤ አገጯን መልሳ አሸዋው ላይ ለማሳረፍ ብዙ ደቂቃ ፈጀባት። አይኗ ከመከደኑ ሁለት ጓደኛሞች መጡ። ቀና። እነሱ ሲሄዱ ልጅ ያቀፈ አባት። ቀና። ማንም ክፉ አላደረገም፤ ሁሉም አንዴ አይተዋት ሄዱ። እሷ ግን ያን ሰዓት አልተኛችም። እያንዳንዱ ሰው ያየው የራሱን አንድ ደቂቃ ነው።

ስትርቁም በስልት ራቁ። ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ አያስፈልግም። ጎንበስ በሉ፤ ቀስ ብላችሁ በጎን አፈግፍጉ፤ ድምፃችሁን ቀንሱ። ነፋሱ ከእናንተ ወደ እሱ የሚነፍስ ከሆነ ሽታችሁም ይደርሰዋል፤ ቦታ ቀይሩ። አንገቱ ተመልሶ ሲወርድ እዚያው ቁጭ ብላችሁ እስክትጠግቡ ማየት ትችላላችሁ።

ደግ ሰዎችን የሚያሳስቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አቆስጣ ተኝቶ ለብዙ ደቂቃ ትንፋሹን ሊይዝ ይችላል። ሞተ ብላችሁ በእንጨት አትንኩት። ሁለተኛ፣ አንዳንዴ ራሱንና ጭራውን ሽቅብ አንስቶ እንደ ሙዝ ይቀለበሳል። ሕመም አይደለም፤ ተመችቶት ነው። ሦስተኛው እንባው ነው። የእኛ እንባ ወደ አፍንጫችን የሚወርድበት ቱቦ አለው፤ አቆስጣ ያ ቱቦ የለውም፤ ስለዚህ እንባው ሞልቶ በፊቱ ላይ ይፈሳል። ከአይኑ ሥር ያለው እርጥብ ክብ የሐዘን ሳይሆን ሰውነቱ በቂ ውኃ እንዳለው የሚያሳይ ነው። የሚያሳስበው የደረቀ አይን ነው።

5. ብቻውን ያለ ግልገል ካያችሁ

እዚህ ላይ ነው ደግ ሰው ብዙ ጥፋት የሚያጠፋው። ትንሽ፣ ትልልቅ አይን ያለው ፍጥረት ብቻውን አሸዋ ላይ ሲያላዝን ታያላችሁ። እናት የለችም። ሰው ይከበዋል። አንዱ በጠርሙስ ውኃ ያፈስበታል፤ ሌላው ፎጣ ያመጣል።

አሁን አይናችሁን ከግልገሉ ላይ አንሡና ከሚሰበረው ማዕበል ወዲያ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ አንድ ጥቁር፣ ክብ ነገር ብቅ ይላል፤ ይሰምጣል፤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ብቅ ይላል። እናትየዋ ናት። የወደብ አቆስጣ የሚባለው ዝርያ እናት ግልገሏን ዳርቻ ላይ አስቀምጣ ዓሣ ፍለጋ ትሄዳለች። ስትመለስ ሰው ተሰብስቦ ካየች አትወጣም። ትጠብቃለች። ሰዉ ደግሞ «እናቱ ጥላው ሄዳ» እያለ ይጠብቃል።

ጊዜው ጠባብ ነው። ግራጫ አቆስጣ የሚባለው ሌላ ዝርያ ግልገል ሲወለድ 14 ኪሎ ገደማ ነው፤ የሚጠባው ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ ክብደቱን ሦስት እጥፍ ያደርሳል። እናቱ ከገዛ ስቧ ነው የምታጠባው፤ ያመለጠ ጡት በሚቀጥለው ወር አይካካስም።

ስለዚህ፦ ከ45 ሜትር በላይ ራቁ፣ ሌላውንም ሰው አስርቁ፣ ስልክ ደውሉ። ውኃ አታፍስሱበት፤ የወጣው ሊደርቅና ሊሞቅ ነው። ወደ ባሕር አትግፉት። የላም ወተት አትስጡት፤ ሆዱን ያውከዋል። በፎጣ ጠቅልሎ መኪና ውስጥ ማስገባት ደግሞ፣ በግልጽ እንናገር ካላችሁ፣ እናቱ እያየች ልጇን መጥለፍ ነው።

6. ፎቶ፣ ድሮን፣ ውሻ፣ ልጆች

ፎቶ አንሡ፤ በዙም። ፍላሽ አጥፉ። ሰልፊ እርሱት፤ ለሰልፊ ጀርባ መስጠት ያስፈልጋል። ድሮን አታብርሩ። በመንጋ የተኙ የባሕር አንበሶች አንዴ ከበረገጉ ሁሉም ወደ ውኃ ይጎርፋሉ፤ ከሥር ያሉ ግልገሎች ይደፈጠጣሉ።

ውሻችሁን በአጭሩ እሰሩት። ውሻ ይነክሳል፣ ይነከሳል፣ በሽታም ይቀባበላሉ። ከውሻ በሽታ ጋር ዘመድ የሆነ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ2002 በሰሜን አውሮፓ የወደብ አቆስጣዎችን በአሥር ሺዎች ፈጅቷል።

ልጆችን በ«አትንኩ» ብቻ አታስተዳድሯቸው። የአውራ ጣቱን ልኬት ስጧቸው። ልጅ ሥራ ሲሰጠው ከአዋቂ የበለጠ ጠባቂ ይሆናል፤ ጠጋ ያላችሁ እንደሆነ እናንተንም ይቆጣችኋል።

ይህን ሁሉ ማካበድ ለሚመስለው ሰው የፍሬያን ታሪክ ልንገረው። ፍሬያ 600 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ዋልረስ ነበረች፤ ባለ ረጅም ጥርሷ የአቆስጣ ዘመድ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋ ኦስሎ ወደብ መጥታ ጀልባዎች ላይ እየወጣች ትተኛ ነበር። ሰው ወደዳት። ራቁ ተባለ፤ አልራቀም። ከልጆቻቸው ጋር ሄደው አጠገቧ ፎቶ የተነሡ ነበሩ። በነሐሴ ወር የኖርዌይ ባለሥልጣናት ሁኔታው ለሰው ደኅንነት አስጊ ሆኗል ብለው ገደሏት። እሷ ማንንም አልጎዳችም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሐውልት ቆመላት።

7. መቼ ይደወላል?

ቁስል ወይም ደም ካያችሁ። አንገቱ ላይ መረብ ወይም ፕላስቲክ ማሰሪያ ካለ። ከመክሳቱ የተነሣ የአንገቱና የዳሌው አጥንት ከወጣ። ካሳለ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ያለማቋረጥ ካወዛወዘ። የመጨረሻው በካሊፎርኒያ ዳርቻ በተደጋጋሚ የታየ ነው፤ አንዳንድ የባሕር አልጌዎች የሚያመነጩት ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ በሚበሉት ዓሣ በኩል አንጎላቸውን ያውካል። እንዲህ ያለ የባሕር አንበሳ በድንገት ሊነሣባችሁ ይችላልና ርቀቱን እጥፍ አድርጉት።

የነፍስ አድን ጠባቂ፣ የፓርክ ሠራተኛ ወይም የአካባቢው የባሕር እንስሳት እርዳታ መስመር ካለ እነሱ ዘንድ ደውሉ። ቁጥሩን ዳርቻ ከመውረዳችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ ብትመዘግቡ ጥሩ ነው፤ አሸዋ ላይ ኔትወርክ የሚጠፋው ሁልጊዜ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ስትደውሉ ቦታውን ከካርታ ላይ ስጡ። ርዝመቱን፣ ቀለሙን፣ ጆሮ እንዳለውና እንደሌለው፣ መቅዘፊያው ላይ ባለ ቁጥር ምልክት ካለ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ፣ ውኃው እየሞላ ይሁን እየሸሸ ንገሯቸው። ምልክቱን ለማንበብ ብላችሁ ግን አትጠጉ።

8. ዶልፊን ወይም ዓሣ ነባሪ ከሆነ

ወዲያው ደውሉ። ወደ ባሕር አትግፉት፤ ታሞ የወጣ እንስሳ ተመልሶ ይወጣል፤ በጅራቱ ወይም በመቅዘፊያው መጎተት ደግሞ ይሰብረዋል። ከጅራቱ ራቁ። አንድ ምት ይበቃል። አናቱ ላይ ካለው የመተንፈሻ ቀዳዳ የሚወጣውንም ትንፋሽ አትሳቡ፤ በሽታ ይተላለፍበታል።

ባለሙያው በስልክ ካዘዛችሁ ብቻ እርጥብ ጨርቅ ጀርባው ላይ አድርጉ፣ ጥላ ሥሩለት። ጨርቁም ውኃውም ወደ መተንፈሻው ቀዳዳ እንዳይደርስ። ትልቁ ሥራችሁ ሕዝቡን ጸጥ ማሰኘትና ማራቅ ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ ፌርዌል ስፒት በሚባለው አሸዋማ ምላስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ከ400 በላይ ፓይለት ዌል የተባሉ ዓሣ ነባሪዎች ወጥተው ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ደረሱ፤ ሥራ የሠሩት ግን የሚመራቸው ሰው ስለነበረ ነው።

የሞተውም ቢሆን ቅርብ አይደለም። በስብሶ በጋዝ የተነፋ ዓሣ ነባሪ ሊፈነዳ ይችላል። በብዙ አገር ጥርስና አጥንት መውሰድም ክልክል ነው። በሽታም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የወፍ ጉንፋን በአርጀንቲናው ቫልዴስ ከ17 ሺህ ያላነሱ የዝሆን አቆስጣ ግልገሎችን ገድሏል። በ2024 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ባሉ፣ ከባሕር አንበሳ ወገን በሆኑ ባለ ጆሮ አቆስጣዎች ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ተረጋግጧል።

9. ከመጣባችሁ፣ ወይም ከነከሰ

ወደ እናንተ ከመጣ መንገዱን ልቀቁ፤ ምናልባት የሚፈልገው ከኋላችሁ ያለውን ውኃ ነው። ስትዋኙ ወደ እናንተ ከቀረበ አትንኩት፤ እጃችሁን ሰብስባችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ረጅም ጊዜ እጠቡ። «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትዋሉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ሌላም ነገር አለ። በአቆስጣ ንክሻ የሚገባ ጀርም ጣትን አሳብጦ መገጣጠሚያ ያበላሻል። ማይኮፕላዝማ የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት ስለሆነ ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ አይነኩትም፤ የሚሠራበት የቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒት ነው። ሐኪሙ ይህን የሚያስበው ምን እንደነከሳችሁ ካወቀ ብቻ ነው። «ውሻ ነው?» ይላችኋል። አይደለም፣ አቆስጣ ነው በሉት። ግራ ቢጋባ ፎቶውን አሳዩት፤ በዙም ያነሣችሁትን።